የቅዳሜ ጠዋት የተረት ሰዓት፦ ልጆች ዳኛ ሆነው የሚቀመጡበት

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን የት እንደምታውሉ ግራ ለገባችሁ፣ በተለይም እንደ እኔ የልጅ ልጅ ለምታሳድጉ፣ ይቺን አስተያየት ጻፍኩላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመጻሕፍት መደብር ከላይኛው ፎቁ ላይ ለልጆች የተረት ሰዓት ያዘጋጃል። የምነቅፈውም የማመሰግነውም ስላለኝ የመደብሩን ስም እዚህ አልጠራም፤ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ውሰዷቸው። የሚሸጡላችሁን ቡክሌት ግን አትግዙ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

እኔ ዕድሜዬን በዳኝነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጥኩት በቤተሰብ ችሎት ነው። ስለ ሕግና ስለ ፍርድ ለልጅ የሚነገር ነገር ሲመጣ ጆሮዬ ይቆማል። ትምህርት ቤት የሚሰጡት የሥነ ምግባር ታሪኮች አብዛኞቹ “ታዛዥ ሁን” ብለው ያልቃሉ። መታዘዝ ጥሩ ነው። ግን አዛዡ ወይም ትእዛዙ ክፉ ሲሆን ልጁ ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ ደፍሮ ለልጅ የሚያቀርብ ቦታ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ወላጅ ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል። ተራኪዋ ወጣት ናት፣ ልጆቹ “ቲቸር” ይሏታል። “ተረት ተረት” ስትል “የላም በረት” ብለው ፎቁን ያናውጡታል። ታሪኩ ሲያልቅ አንድ ጭራ ታወጣለች፤ ጭራውን የያዘ ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ግርግር ሲነሳ “በሕግ አምላክ!” ትላለች፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ድሮ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አንድ አላፊ አግዳሚ ይህንኑ ተናግሮ ሲያስቆማቸው አይቻለሁና፣ ልጆች ይህን ቃል ማወቃቸው ብቻውን ደስ አሰኝቶኛል።

ከትንንሾቹ ቡድን (ከ7 እስከ 9 ዓመት) የሰማሁትን አንድ ጠዋት ልተርክላችሁ። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው የአህያዋ ኑዛዜ ነበር። ዝናብ ጠፋ፤ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። “ይህ መዓት የመጣው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ እንናዘዝ” ተባባሉ። አንበሳ ከመንጋ በሬ ነጥቆ መብላቱን ተናገረ። “ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!” አሉት። ነብር ፍየል በላሁ አለ፤ እሱንም እንዲሁ። ጅብም ከመንደር ሰርቆ የበላውን ተናገረ፤ አለፉት። አህያ ግን ጌታዋ ጭኗት ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ከወዳጁ ጋር ሲያወራ፣ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ተናገረች። “መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!” ብለው ተረባርበው በሏት።

ተራኪዋ እዚህ ላይ አቆመች። “የአህያዋ ጠበቃ ማን ይሁን?” አለችና ጭራውን ዘረጋች።

መጀመሪያ የተቀበላት የፊት ጥርሶቹ የወለቁ ልጅ ነበር። “ሣሩ የማን ነበር?” አለ። ቀጥላ አንዲት ልጅ፣ “የከሰሷትም የፈረዱባትም እነሱው ናቸው፤ ደግሞ የሚበሏትም እነሱው!” አለች። ትንሿ የልጅ ልጄ ተራዋ ሲደርስ፣ “ዝም ብትልስ ኖሮ? ማን አያት?” ብላ ጠየቀች።

ከኋላ ተቀምጬ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። የመጀመሪያው ልጅ የጠየቀው ማንኛውም ዳኛ መዝገብ ሲከፍት ቀድሞ የሚጠይቀውን ነው፦ የተበደለው ማነው? ሁለተኛዋ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን እንደሌለበት አየች። የልጅ ልጄ ደግሞ ሳታውቀው የነካችው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የሰጠውን ያለመናገር መብት ነው። ማንም አላስጠናቸውም። ታሪኩ በትክክል ስለተነገራቸውና የመጨረሻው ቃል ስላልተቀማባቸው ራሳቸው ደረሱበት።

አጠገቤ የነበረች እናት አላስቻላትም፤ “ታዲያ የታሪኩ ትምህርት ምንድነው?” ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። ተራኪዋ ፈገግ ብላ፣ “ቤት ስትሄዱ እነሱ ይንገሩዎት” አለቻት። ለዚህች መልስ ብቻ የወሩን ክፍያ እከፍላለሁ።

አሁን ወደ ቡክሌቱ። መውጫው ላይ የተረቶቹ ስብስብ ያለበት ቀጭን ቡክሌት ይሸጣል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ወረቀቱም ጥሩ ነው። ግን በየታሪኩ ግርጌ በሳጥን ውስጥ “ከታሪኩ ምን እንማራለን?” የሚል አለ፤ መልሱም እዚያው ታትሟል። የአህያዋ ታሪክ ሥር የተጻፈውን ሳነብ ደሜ ፈላ፦ “ከአቅማችን በላይ ከሆኑ ጋር መዋል ጉዳት አለው።” ይህ ለልጅ ይታተማል? ሦስት አውሬ ተሰብስቦ ለአንዱ አንድ ዓይነት፣ ለሌላው ሌላ ዓይነት ፍርድ ሰጠ፤ ከዚህ ሁሉ ልጁ የሚይዘው ጥፋቱ የአህያዋ መሆኑን ነው? እንዲህ ያለ ትምህርት ሲደጋገም ልጁ በደልን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ይቆጥረዋል፤ ከመጠለል በቀር ምንም የማይደረግበት ነገር ይሆንበታል።

የአንበሳውን በሬና የጅቡን ላም ታሪክም እንዲሁ አበላሽተውታል። ላሟ ወለደች፤ አንበሳው “የወለደው በሬዬ ነው” ብሎ ጥጃውን ወሰደ። እንስሳቱ ለዳኝነት ተጠርተው ሁሉም በፍርሃት “አዎ፣ በሬው ነው” አሉ። ጦጣ ዘግይታ ደረሰች። “ለምን ቆየሽ?” ቢሏት “አባቴን ምጥ ይዞት ሳዋልድ” አለች። “ወንድ ይወልዳል እንዴ?” ብሎ አንበሳው ሲቆጣ መልሱ ራሱ ላይ ተመለሰበት። ቡክሌቱ “ብልህነት ከጉልበት ይበልጣል” ብሎ ዘጋው። ምንጣፉ ላይ ግን አንድ ዝምተኛ ልጅ ጭራውን ይዞ የጠየቀው ይህን ነበር፦ “ቅድም ‘በሬው ነው የወለደው’ ያሉት ሁሉ አሁን ምን ይባላሉ?” ክርክሩ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። አንዱ “ፈርተው ነው፣ ይማሩ” ሲል፣ ሌላው “ሁሉም እንደ ጦጣ ቢሉ አንበሳው ስንቱን ይበላል?” አለ። ሳጥን ውስጥ የታተመ መልስ ይህን ሁሉ ይገድላል። አዘጋጆቹ ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ኅትመት ሳጥኖቹን አውጡና ቦታውን ባዶ መስመር አድርጉት፤ ልጆቹ ይጽፉበታል።

ከ10 እስከ 13 ዓመት ላሉት የሚሰጠው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጠለቅ ይላል። ትልቁ የልጅ ልጄ እዚያ ነው። ከዘጸአት ሲፓራና ፉሐን፣ የፈርዖንን ትእዛዝ እምቢ ብለው ወንዶቹን ሕፃናት ያተረፉትን አዋላጆች፣ ተረኩላቸው። አንዲት ሙስሊም ልጅ ደግሞ የነቢዩ ሙሳን እናትና “አትግደሉት” ያለችውን የፊርዓውንን ሚስት አሲያን ጨመረችላቸው። ተራኪዋ ጭራውን ሳትነጥቅ እስከ መጨረሻው አስተረከቻት። ወደፊትም እንደዚህ ቢቀጥሉ ጥሩ ነው፤ በዚያ ምንጣፍ ላይ ያሉት ልጆች ከአንድ ቤት የመጡ አይደሉም።

ለእኔ የበለጠው ግን የዳንኤል ታሪክ አተራረክ ነው። ልጅ ሆነን የሰማነው ጉድጓዱንና አንበሶቹን ነው። እሷ ግን ከአንበሶቹ በፊት ባለው ላይ ቆየች። ሹማምንቱ ዳንኤልን የሚከሱበት ጥፋት ፈልገው አጡ። ስለዚህ ጥፋት የሚሆን ሕግ አወጡ፦ ለሠላሳ ቀን ከንጉሡ በቀር ማንም ከማንም፣ ከአምላክም ቢሆን፣ ልመና እንዳይለምን። ሕጉ በአገሩ ላለ ሁሉ የወጣ ይመስላል፤ የተጻፈው ግን በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ከፍቶ የሚጸልይ አንድ ሰው ስላለ ነው። ንጉሡ ዳርዮስ ፈረመ። ነገሩ ሲገለጥለት አዘነ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሊያድነው ደከመ፤ አልቻለም፤ የሜዶንና የፋርስ ሕግ አይለወጥምና። ተራኪዋ እዚህ ላይ ወረቀት አወጣች፣ አዋጁን አጻፈቻቸውና ከሥሩ አስፈረመቻቸው። “አሁን ዳርዮስ እናንተ ናችሁ። ፊርማችሁን እንዴት ታነሳላችሁ?” አለቻቸው። አንዳንዱ ወረቀቱን ልቅደደው አለ፤ አንዱ ሌላ አዋጅ ላውጣ አለ፤ የልጅ ልጄ “ሳልፈርም በፊት ለማን እንደሆነ እጠይቅ ነበር” አለ። የልጅ ልጄ ስለሆነ አይደለም የማመሰግነው፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ፊርማቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ያልጠየቁት ጥያቄ ስለሆነ ነው።

አንድን ሰው ለመያዝ ተብሎ የሚወጣ ሕግ የጥንት ነገር እንዳይመስላቸው ተራኪዋ ደቡብ አፍሪካ ወሰደቻቸው። ሮበርት ሶቡክዌ እ.ኤ.አ. በ1960 ጥቁሮች ይዘው እንዲሄዱ የሚገደዱበትን የይለፍ ወረቀት ተቃውሞ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በ1963 ቅጣቱን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ፓርላማው አዲስ አንቀጽ አጸደቀ፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ ቅጣቱን የጨረሰን እስረኛ ይዞ ማቆየት እንዲችል፣ በየዓመቱ የሚታደስ። ሕዝቡ “የሶቡክዌ አንቀጽ” አለው፤ የተያዘበት ሌላ ሰው አልነበረምና። እስከ 1969 ድረስ በሮበን ደሴት ለብቻው ተቀመጠ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዳርዮስን ትተው የፓርላማ አባላቱን መጠየቅ ጀመሩ፦ እጃቸውን ያወጡት ስንት ናቸው? እምቢ ያለ የለም?

በዚያው ደሴት ላይ እስረኞቹ ከ2,400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን የግሪካዊውን ጸሐፊ የሶፎክልስን “አንቲጎኔ” የተባለ ቲያትር ተጫውተውት ነበር። ኔልሰን ማንዴላ የያዙት የክሬዎንን፣ የክፉውን ትእዛዝ ያወጣውን ገዢ፣ ቦታ ነው። ተራኪዋ ታሪኩን ለሁለት ከፍላ ነገረቻቸው። ሁለት ወንድማማች ለሥልጣን ተዋግተው ተጋደሉ፤ ክሬዎን አንደኛው በክብር ይቀበር፣ ሌላው ለአሞራ ይጣል፣ የቀበረው ይሙት ብሎ አወጀ። እህታቸው አንቲጎኔ አፈር አለበሰችው። እህቷ ኢስሜኔ ፈራች። የክሬዎን ልጅ ሄሞን፣ የአንቲጎኔ እጮኛ፣ “ከተማው እያለቀሰላት ነው፤ አባቴ፣ ስማ” ብሎ ለመነው። አልሰማም። በሰማ ጊዜ ደግሞ ረፍዶ ነበር። የአንቲጎኔንና የሄሞንን ሞት ሳትደብቅ፣ ሳታጋንንም ነገረቻቸው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ስትነግራቸው፣ ኮልፌ የሚኖር አንድ ልጅ የራሱን አጎት የጠሩበት ይመስል ብድግ አለ።

ለእኛ አገር ልጅ ቀብር መከልከል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እድር ያለው ቤት ውስጥ ነው ያደገው። እኔ ግን ከኋላ ተቀምጬ የማስበው ሌላ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ማልቀስ ተከልክለው ነበር። እኛ ያን ዘመን ያየን ሰዎች ክሬዎንን በመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። ለትልልቆቹ ልጆች ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውሰዷቸው። ተራኪዋ በፕሮግራሙ ውስጥ ብታስገባው ደግሞ የተሻለ ነው።

አንድ ትልቅ ነገር ይጎድላል፤ ለተራኪዋም ነግሬያታለሁ። በነዚህ ታሪኮች ክፉ ሕግ ሁሌ የሚወጣው ከቤተ መንግሥት ነው፤ የሚፈርሰውም በአንድ ጀግና እምቢታ ወይም በተአምር ነው። እኔ ችሎት ላይ የገጠመኝ እንደዚያ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የፈረንሳዩ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በጊዜው ዘመናዊ የተባለ፣ ዛሬም ብዙው ክፍሉ የሚሠራ ሕግ ነው። አንቀጽ 635 ግን ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፣ ሚስት ሕጋዊ ትእዛዙን መፈጸም አለባት ይል ነበር። የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠው ባል ነበር። ወንዱ በ18፣ ሴቷ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። ይህን የጻፈው ሰው ክሬዎን አይደለም፤ ቋንቋው ንጹሕ፣ አንቀጾቹ ሥርዓት ያላቸው ናቸው። በ1987 ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። የቤተሰብ ሕጉ ግን እስኪሻሻል አምስት ዓመት ፈጀ። በነዚያ ዓመታት ችሎት የምትቀርብ ሴት በአንድ እጇ ሕገ መንግሥቱን፣ በሌላው አንቀጽ 635ን ይዛ ነበር የምትቆመው።

ያ አንቀጽ የወደቀው በአንቲጎኔ አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ሰዎች ጽፈው፣ ተከራክረው፣ ስብሰባ ጠርተው፣ ሰልችቶአቸው ሳይተዉት ነው የወደቀው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የቤተሰቡንም አመራር የሁለቱ አደረገ። ልጅ ይህንንም ታሪክ መስማት አለበት። ጀግናን ብቻ የሰማ ልጅ አንቲጎኔ መሆን ሲያቅተው ኢስሜኔ ሆኖ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ብዙ ሥራ እንዳለ አያውቅም። “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” የሚል ሕዝብ ልጆች እኮ ናቸው። ክርክርን፣ አቤቱታን፣ በላ ልበልሃን የሚያውቅ ሕዝብ።

ተራኪዋ ታግሣ ሰማችኝ። “እማማ፣ እንደ ታሪክ ያለው ነገር የቱ ጋ ነው? ልጆቹ አንቀጽ አያዳምጡም እኮ” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥሩ ተራኪ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። ችሎት የቆመችው ሴት ጋ ነው አልኳት። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

ስለ ቀረው ነገር ባጭሩ፦ ክፍያው ለአንድ ልጅ በወር 600 ብር ነው፤ ለሁለተኛው ልጅ ይቀንሳሉ። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ያዙልኝ ብላችሁ ውጡ፤ ከሥር ያሉት ሠራተኞች ይረዳሉ። ጠዋት ፎቁ ይበርዳል፣ ለልጆቹ ሹራብ አልብሱ። ሦስት ሰዓት ተብሎ ሦስት ተኩል የሚጀመርበት ቀን አለ፤ ይህን ማረም አለባቸው፣ ሰዓት አክብሮ የመጣውን ልጅ መበደል ነው። ለወላጅ ሻይ አለ፣ ስኳሩ በዝቶ ነው የሚመጣው፤ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ለትልልቆቹ ቡድን የሚቀጥለው ምዝገባ በወሩ መጀመሪያ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፈጥናችሁ ደውሉ። በአዲሱ ወር አንዱን ቅዳሜ ለእኔ ሰጥተውኛል፤ የቤተሰብ ሕጉን ታሪክ ከአሮጌው ቅጂ ጋር ይዤ እቀርባለሁ። እናቶቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ በዚያ ዘመን ፍርድ ቤት የቆሙ ከሆነና ለልጆች ለመናገር ፈቃደኛ ከሆኑ፣ አብረውኝ ይምጡ፤ ወንበር አስይዛለሁ።